እሳቱ፣ ኮምፖስቱና ለቃሚው

ከአየር ጤና ወደ ጀሞ በቀለበት መንገዱ የሚያልፍ ሰው ዘነበወርቅ ጋ ሲደርስ የመኪናውን መስታወት ይዘጋል። በመንገዱ ዳር የሚታየው የቆሼ ክምር ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አዲስ አበባ የጣለችውን ሁሉ እየተቀበለ 36 ሄክታር ገደማ መሬት ሸፍኗል። እዚያው አጠገብ የረጲ የደረቅ ቆሻሻ ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫ ቆሟል። ከተማዋ ለዓመታት ስትከራከርበት የኖረችው ጉዳይ ሁለቱን በአንድ ዓይን ለሚያይ ሰው ግልጽ ነው፦ ቆሻሻችንን አቃጥለን መብራት እናድርገው ወይስ ከቤት ጀምሮ ለይተን፣ የሚበሰብሰውን ለአፈር፣ የሚሸጠውን ለፋብሪካ እንመልሰው?

ክርክሩ ለዘነበወርቅ ሰው የስብሰባ ርዕስ ብቻ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ የክምሩ አንድ ጎን ተንዶ በግርጌው ከጭቃና ከላስቲክ የተሠሩ ቤቶችን ከነሰዎቻቸው ቀበረ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሦስት ቀን ብሔራዊ የሐዘን ቀን አወጀ። ክምሩ ለምን እንደተናደ ነዋሪውና ባለሥልጣናቱ የተለያየ ነገር ተናግረዋል። ስለ አንድ ነገር ግን ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሚከራከር አላየሁም፤ ቆሻሻን እንዲሁ ከምሮ መተው ከእንግዲህ እንደ አማራጭ የሚቆጠር አይደለም።

ከአደጋው በፊት ባለው ዓመት ከተማዋ ከቆሼ ለመውጣት ሞክራ ነበር። በፈረንሳይ የልማት ኤጀንሲ ድጋፍ ሰንዳፋ አካባቢ፣ ኦሮሚያ ክልል ውስጥ፣ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ሽታው ቤታችን ገባ፣ ውሃችንና ከብቶቻችን ተጎዱ ብለው ተቃወሙ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ጣቢያው ተዘጋና መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሳይሞላ ክምሩ ተናደ። አርሶ አደሮቹን ለአደጋው ተጠያቂ ማድረግ የሚቃጣው ሰው አጋጥሞኛል፤ አልስማማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሲሰጥ ሰንዳፋንም ዘነበወርቅንም ለይቶ አላስቀረም። ሰንዳፋ ያሳየን ነገር ቢኖር ቆሻሻውን ሳይቀንሱ ቦታውን ብቻ መቀየር ሸክሙን ከአንዱ ድሃ ወደ ሌላው ማዛወር እንደሆነ ነው።

የማቃጠሉን ወገን ከጠንካራ ጎኑ ልጀምር። የረጲ ማመንጫ ውል በ2005 ዓ.ም. የተፈረመው ካምብሪጅ ኢንዱስትሪስ ከተባለ ኩባንያ ጋር ነው፤ ግንባታውን የቻይናው ሲኤንኢኢሲ አብሮት ይዞ፣ የዴንማርኩ ራምቦል አማክሮት፣ 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ላይ በፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ ተመረቀ። በአፍሪካ የመጀመሪያው ተባለለት። በዕቅዱ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ ይበላል፣ በዓመት 185 ጊጋ ዋት ሰዓት ኃይል ይሰጣል። እንዲህ ያለ ማመንጫ ውስጥ የገባ ቆሻሻ በክብደት ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል፤ በይዘት ደግሞ ከዚያ በላይ ያንሳል። መሬት ለጠበባት፣ ዙሪያዋን አርሶ አደር ለሚኖርባት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። 1,400 ቶን ዛሬ ካልተቃጠለ ነገ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ ይቆለላል።

የአየር ንብረቱም ሒሳብ ለዚህ ወገን ያደላ ይመስላል። ክምር ውስጥ አየር አጥቶ የሚበሰብስ የምግብ ትርፍራፊ ሚቴን ያመነጫል፤ ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ገደማ የበለጠ ምድርን ያሞቃል። ቆሼ ላይ የሚነሳው እሳትም ሆነ ቆሻሻ ለቃሚዎቹን የሚያሳምማቸው ጋዝ ከዚሁ መብላላት ጋር የተያያዘ ነው። ያው ትርፍራፊ ምድጃ ውስጥ ሲቃጠል ሚቴን አይወጣውም። በዚያ ላይ ክምሩ በራሱ ጊዜ ተነስቶ ሲጨስ ጭሱን የሚያጣራ ነገር የለም፤ ዘመናዊ ማመንጫ ግን ጋዙን ከ850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቢያንስ ለሁለት ሰከንድ አቆይቶ ዳይኦክሲን የሚባለውን መርዝ መሰባበርና የቀረውን በማጣሪያ መያዝ ይጠበቅበታል። «ማጣሪያ ካለው እሳትና ማጣሪያ ከሌለው እሳት የቱን ትመርጣለህ?» ብሎ ለሚጠይቅ የማመንጫው ደጋፊ መልሱ ከባድ አይደለም።

ችግሩ የሚመጣው ምድጃው ውስጥ የሚገባውን ነገር ስናይ ነው። አንድ ተራ የአዲስ አበባ ቤት በሳምንት የሚያወጣውን ማዳበሪያ ፈትቶ ማየት ይበቃል። ከላይ ፌስታልና የብስኩት መጠቅለያ ይታያል። ከሥሩ የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን አንጓ፣ የቡና አተላ፣ የሻገተ እንጀራ፣ አመድና ከግቢ የተጠረገ አፈር አለ። በዓል ከሆነ ጉዝጓዙ ቄጠማ፣ የዶሮ ላባ፣ አጥንትና ፈርስ ይጨመርበታል፤ የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ደግሞ የበግ ቆዳ ራሱ ገንዳ ውስጥ ተጥሎ ማየት ተለምዷል። ክረምት ላይ የጽዳት ማህበሩ እስኪመጣ ደጅ ያደረ ማዳበሪያ ውሃ ጠጥቶ ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። ከከተማዋ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ እንዲህ ያለ የሚበሰብስና እርጥብ ነገር ነው።

የዓለም ባንክ ለቆሻሻ ማቃጠያ ባወጣው መመሪያ መሠረት ቆሻሻው በኪሎ በአማካይ 7 ሜጋ ጁል ያህል ሙቀት ሊኖረው፣ በየትኛውም ወቅት ደግሞ ከ6 ሊወርድ አይገባም። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በበጋ ወደዚህ ሊጠጋ ይችላል፤ በሐምሌ ግን ምድጃው ኃይሉን የሚጨርሰው ውሃ በማትነን ነው፣ እርጥብ እንጨት ያነደደች ሴት እንደምታውቀው። ማመንጫው ከተመረቀ በኋላ በታሰበው አቅም ለመሥራት መቸገሩና ቆሻሻ ወደ ክምሩ መጓዙን አለማቆሙ የታወቀ ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የውልና የጥገና ጉዳይም አለበት። ቆሻሻው እርጥብ ሆኖ መቅረቱ ግን ማንም ኩባንያ ቢመጣ የሚጠብቀው ችግር ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከመብራቱ ጋር ይያያዛል። እንግሊዝ ወይም ፖላንድ ውስጥ ቆሻሻ ሲቃጠል የጋዝ ወይም የከሰል ማመንጫን ይተካል ይባላል። እኛ ዘንድ መብራቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ከውሃ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን በዓመት 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ገደማ እንዲሰጥ የታቀደ ነው፤ የረጲ 185 በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ የዚያ ሰማንያኛ እጅ አይሞላም። ምድጃው ውስጥ በደንብ የሚነደው ደግሞ ፕላስቲኩ ነው፤ ፕላስቲክ ማለት ነዳጅ ነው። አንድ ኪሎ ፌስታል ሲቃጠል ሦስት ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ለአየር ንብረት የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ያወጣች አገር በውሃ ኃይል መስመሯ ላይ የፕላስቲክ ጭስ ስትጨምር ቢያንስ ልታስብበት ይገባል። ስለዚህ ረጲን በመብራቱ የሚሟገቱለት ሰዎች በደካማው ጎኑ ነው የቆሙለት። ጥቅሙ ካለ ቆሻሻውን በማሳነሱና ሚቴኑን በማስቀረቱ ነው።

የመለየት ወገን እዚህ ላይ ይገባል። የሚበሰብሰው ተለይቶ አየር ባለበት ቢብላላ ሚቴኑ ይቀራል፣ ለከተማው ዳር ጓሮ አፈር ይሆናል፤ ለዚህም 120 ሚሊዮን ዶላር አያስፈልግም። የሚሸጠው ተለይቶ ቢሸጥ ደግሞ ሥራ ይፈጥራል። ይህ ሥራ ደግሞ ገና የሚፈጠር አይደለም፤ አለ። ዘነበወርቅ ውስጥ ሦስት ትውልድ የኖረበት ሥራ ነው።

ይህን ለመረዳት የሰፈሩን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል እዚህ ተቋቋመ፤ በ1958 ዓ.ም. አለርት የተባለው የአፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ማገገሚያ ማዕከል በዚያው ላይ ተመሠረተ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌላውም አገር ለሕክምና የመጡ ሰዎች ድነው እንኳ ወደ ቀያቸው መመለስ አልቻሉም። ዘመድ ፈራቸው፤ ሥራ የሚሰጣቸው ጠፋ። በሆስፒታሉ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፤ ልጅ ወለዱ። ከተማዋ ቆሻሻዋን የምትጥልበትን ቦታ ስትፈልግ አጠገባቸውን መረጠች። የማትፈልገውን ሰውና የማትፈልገውን ዕቃ አንድ ቦታ አስቀመጠች ማለት ነው፤ ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እነሱ ግን ከዚያ ክምር ላይ እንጀራ አወጡ።

ለቃሚዎቹ ጫፉ የታጠፈ ብረት ይዘው መኪናው ሲገለብጥ ከሥሩ ይጠብቃሉ። ከየትኛው ክፍለ ከተማ የመጣ መኪና ምን እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ የቦሌው መኪና ሲመጣ ግፊያው ይበረታል። ሃይላንድ ለብቻ፣ ቆርቆሮ ለብቻ፣ መዳብ ለብቻ፣ ጫማና አጥንት ለየራሱ ይደረደራል። ከዚያ ነጋዴው ይረከባል፤ ከፊሉ መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይወጣል፣ ፕላስቲኩ ተፈጭቶ ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። መንደር ለመንደር እየዞረ «ቆራሌው» የሚለውም ከዚሁ ሰንሰለት ነው። ማንም ሳይቀጥራቸው፣ ያለ ጓንትና ያለ ዋስትና፣ ለከተማዋ ትልቁን የመለየት ሥራ ሲሠሩ ኖረዋል። ማመንጫው ሲመጣ ከቆሻሻው ውስጥ የሚፈልገው እነሱም የሚፈልጉትን ነው፤ ፕላስቲክና ወረቀት ካልነደደ ልጣጩ አይነድምና። እሳቱና ለቃሚው በአንድ ከረጢት ላይ ይሻማሉ።

እንዲህ ስል ግን ለቃሚነትን ማሞገስ አልፈልግም። የመለየት ደጋፊዎች አንዳንዴ ስለዚህ ሥራ ሲናገሩ የአረንጓዴ ጀግንነት ያደርጉታል። ሥራው እጅ ይቆርጣል፤ በሆስፒታል መርፌ ይወጋል፤ ሰው በዶዘር ሥር ይሠራል። የአለርት ሕመምተኛ በሽታ ሊታከም መጥቶ ጭስ እየሳበ መተኛት የለበትም። ከክምሩ የሚወርደው ጥቁር ፈሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ይደርሳል፤ በዚያ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ሰላጣና ጎመን የምንበላው ደግሞ እኛው ነን። «ክምሩ ይዘጋ» የሚለው የሰፈሩ ነዋሪና «ክምሩ ከተዘጋ ልጆቼን በምን አበላለሁ» የምትለው ለቃሚ አንዳንዴ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ውስጥ ነው።

የመለየቱ ወገን ሌላም ድክመት አለበት፤ በወረቀት ላይ ሲያምር በተግባር ቶሎ አይሄድም። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 በ1999 ዓ.ም. ሲወጣ ቤተሰቦች መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ለይተው እንዲያስቀምጡ ደንግጎ፣ ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ፌስታሉ በየዛፉ ላይ ሲውለበለብ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ሕግ አንዴ ጥቅም ላይ የሚውለውን የፕላስቲክ ከረጢት ከልክሎ ይዞ የተገኘ ሰው ላይ እስከ 5,000 ብር ቅጣት አስቀምጧል። ጠንካራ ነው፤ ግን ከጉሊት ቲማቲም የሚገዛው ሰው በምን እንደሚይዘው መልስ ካልተገኘ የመጀመሪያው ሕግ ዕጣ ይጠብቀዋል ብዬ እሰጋለሁ። በቤት ደረጃም ያው ነው። አንዲት እናት ልጣጩን በአንድ ባልዲ፣ ፕላስቲኩን በሌላ ለይታ ብታስቀምጥና የጽዳት ማህበሩ ሁለቱንም አንድ ጋሪ ላይ ገልብጦ ቢወስደው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትተወዋለች። መተዋ ደግሞ ልክ ነው። ከተደባለቀ ቆሻሻ የተሠራ ኮምፖስት ውስጥ የጠርሙስ ስባሪና ባትሪ ይገባበታል፤ ገበሬ አይገዛውም።

በሁለቱ መካከል ብዙ ያልተወራለት ሦስተኛ መንገድም አለ። ከ2009ኙ አደጋ በኋላ በጃፓን መንግሥት ገንዘብና በዩኤን ሃቢታት አስተባባሪነት ቆሼ ላይ የፉኩኦካ ዘዴ የሚባለው ተሞክሯል። የክምሩ ቁልቁለት ይስተካከላል፣ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ውስጡ ይዘረጋሉ፣ ፈሳሹ በቱቦው ይወጣል፣ በዚያው አየር ይገባል። አየር ሲገባ ብስባሹ ቶሎ ያልቃል፣ ሚቴኑም ይቀንሳል። ርካሽ ነው፤ በአገር ውስጥ ዕቃ ይሠራል። ነገር ግን የተከመረውን ያረጋጋል እንጂ ነገ የሚመጣውን መኪና አያስቆምም።

የሌሎች ከተሞች ልምድ አንዱን ወገን ብቻ አይደግፍም፤ ስለ ለቃሚዎቹ ግን በግልጽ ይናገራል። ካይሮ በ2003 እ.ኤ.አ. ገደማ የአውሮፓ ኩባንያዎችን አምጥታ ዘባሊን የሚባሉትን ነባር ቆሻሻ ሰብሳቢዎቿን ወደ ጎን ብታደርግ፣ ከሰበሰቡት እስከ 80 በመቶ መልሰው ጥቅም ላይ ያውሉ የነበሩትን ሰዎች ሥራ ጎዳች፤ ኩባንያዎቹ በውላቸው የተጠየቁት 20 በመቶ ብቻ ነበር። የሕንዷ ፑኔ ደግሞ ተቃራኒውን አደረገች። ስዋች የተባለው የለቃሚዎች ኅብረት ሥራ ማህበር ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ይዞ ከየቤቱ ደጃፍ እርጥቡንና ደረቁን ለየብቻ ይሰበስባል፤ ነዋሪው የአገልግሎት ክፍያ ይከፍላል፣ የሚሸጠውን ሸጠው ገቢው የራሳቸው ይሆናል። ለቃሚዋ ከክምሩ ወርዳ ወደ ደጃፉ መጣች። ዕቃውም ሳይቆሽሽ ያገኘችው እሷ ስለሆነች ዋጋው ከፍ አለ።

እኔ ሁለቱን ሳመዛዝን ማመንጫው ይፍረስ ከሚሉት ጋር አልቆምም። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ከሁሉ ነገር በኋላ ምንም የማይሆን፣ የማይሸጥና የማይበሰብስ ቆሻሻ አለ። ዳይፐር፣ ጭቃማ ጨርቅ፣ ፕላስቲክ የተለጠፈበት ካርቶን፣ በሁለት ሦስት ንብርብር የተሠራ መጠቅለያ። ለዚህ እሳቱ ተገቢ ቦታ ነው። የማልቀበለው ቅደም ተከተሉን ነው። ዛሬ የተያዘው አካሄድ ሁሉን ለምድጃው አቅርቦ ምድጃው ያልቻለውን ወደ ክምሩ መመለስ ነው። እርጥቡ አስቀድሞ ቢወጣ ግን ሁለቱም ወገን ያተርፋል። ማመንጫው በክረምት የሚነድ ነገር ያገኛል፣ ክምሩ ሚቴን የሚያመነጨውን ያጣል።

እርጥቡን ማውጣት ከየቤቱ መጀመር የለበትም ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱን እናት ማስተማር የሚባለው ፕሮጀክት ለዓመታት ስንሰማው ኖረናል። የአትክልትና ፍራፍሬ ጅምላ ገበያዎች፣ ሆቴሎች፣ የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል ወጥ ቤቶች፣ የጫት ማራገፊያዎች በቀን የሚጥሉት ከምንጩ የተለየ እርጥብ ነገር ነው፤ አንድ መኪና ለብቻው ቢመደብለት ከሌላው ጋር የሚደባልቀው የለም። ከተማዋ በዚህ ከተማረች በኋላ የጽዳት ማህበራቱ ጋሪ ለሁለት ቢከፈል የቤቱም ይከተላል። የጽዳት ክፍያ ከውሃ ሒሳብ ጋር አብሮ ስለሚሰበሰብ ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ማህበራቱ በሰበሰቡት ቆሻሻ መጠን ልክ ብቻ ሳይሆን ለይተው ባመጡት ልክ እንዲከፈላቸው ነው። ዛሬ ብዙ ያመጣ ብዙ ይከፈለዋል፤ የሚቀንስ ሰው ይቀጣል ማለት ነው።

ለቃሚዎቹ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከማን በፊት መቀመጥ እንዳለባቸው አያጠራጥረኝም። በቀለበት መንገዱ ዳር ያለው ማመንጫ በራሱ ግቢ ቆሻሻው ወደ ምድጃው ከመግባቱ በፊት የሚለይበት ማዞሪያ ቀበቶ ቢኖረው፣ ያንን ሥራ ከዘነበወርቅ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። ጓንት፣ ጫማ፣ ጭንብልና ደሞዝ ተሰጥቷቸው የሚሸጠውን እዚያ ቢያወጡ ምድጃው የሚያጣው ትንሽ ነው። የሚያጣውን ፕላስቲክ ሙቀት እርጥቡ በመውጣቱ ያካክሳል። ይህን የሚሉ የማመንጫው ሰዎችም አሉ፤ የሚከራከሩት በወጪው ላይ ነው። ወጪው እውነት ነው። ቆሼ ላይ ያለ ጓንትና ያለ ዋስትና ተመሳሳይ ሥራ ለስልሳ ዓመት በነጻ ሲሠራ ወጪውን ማን እንደከፈለ ግን ሒሳቡ ውስጥ አልገባም።

አንድ ነገር ሁለቱም ወገን ዛሬ ሊያደርገው ይችላል። ምድጃው ሲሠራ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ዳይኦክሲን፣ አቧራና ከባድ ብረት ይለካ፤ የተለካው ቁጥር በየወሩ በአለርት በርና በዘነበወርቅ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይለጠፍ። የቆሼን ሚቴንና ወደ ትንሹ አቃቂ የሚወርደውን ፈሳሽም እንዲሁ። የምድጃው ደጋፊ ማጣሪያው ይሠራል የሚለው እውነት ከሆነ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ማስረጃ የለም። የመለየቱ ደጋፊም ክምሩና ጭሱ ሰው ይጎዳሉ የሚለውን ነዋሪው አንብቦ ራሱ ይመዝነዋል።